ዜማ ቆጣሪው ስደተኛ፦ የቤላ ባርቶክ የሕይወት ታሪክ



ማኅበራችን የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለምትታተመው ለዚህች መጽሔት የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ አዘጋጆቹ በጠየቁን ጊዜ፣ የነገሥታቱንና የአርበኞቹን ታሪክ ከእኛ የተሻሉ ብዕረኞች እንደሚጽፉት በመተማመን ፊታችንን ወደ አንድ የሀንጋሪ ተወላጅ አዞርን። ሰውየው ቤላ ባርቶክ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በሙዚቃ ደራሲነቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናወሳ የምንፈልገው ሌላውን ሥራውን፣ ይኸውም በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬ ዜማዎችን ሰብስቦ፣ ከፍታና ዝቅታቸውን፣ ምትና ርዝመታቸውን እየለካና እየቆጠረ በየወገናቸው የመደበበትን የአርባ ዓመት ድካም ነው። ታክሲ ነጂ ስለ ዜማ ቆጠራ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንድ ጊዜ አራት ኪሎ የስታቲስቲክስ ተማሪ እንደነበርንና ትምህርቱን ከማጠናቀቃችን በፊት ስደቱ እንደቀደመን ብንገልጽለት ይበቃ ይመስለናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባርቶክ የተወለደው ማርች 25 ቀን 1881 ናጅሰንትሚክሎሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የምትገኘው በሩማኒያ ውስጥ ነው። አባቱ የእርሻ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። በ1888 ሲሞቱ ልጃቸው ገና የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ወይዘሮ ፓውላ በመምህርነት እየሠሩ፣ ልጃቸውንም ፒያኖ እያስተማሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወሩ ቆዩ። ከኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ዛሬ የዩክሬን ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ብራቲስላቫ ተብላ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ሆናለች። የልጅነት ሰፈሮቹ ዛሬ ለሦስት መንግሥታት ተከፋፍለዋል ማለት ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልን። ከ1899 ጀምሮ በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ ተምሮ በ1903 ጨረሰ፤ በ1907 በዚያው አካዳሚ የፒያኖ መምህር ሆኖ ተቀጠረ።

የሕይወቱ መታጠፊያ 1904 ነው። በዚያ ዓመት ባርቶክ በአንድ የገጠር ማረፊያ ሙዚቃ ሲጽፍና ፒያኖ ሲለማመድ ሰንብቶ ነበር። ሊዲ ዶሻ የምትባል ከትራንሲልቫኒያ የመጣች ሞግዚት፣ የምትጠብቀውን ሕፃን ስታባብል የምታንጎራጉረውን ዘፈን ሰማ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሀንጋሪ ዘፈን ሲባል እርሱም ሆነ አስተማሪዎቹ የሚያውቁት በየከተማው ቡና ቤት የጂፕሲ ባንዶች የሚጫወቱትን ነበር። ታላቁ ሊስት ሳይቀር ይህንኑ አስተሳሰብ በ1859 በመጽሐፍ አሳትሞታል። የሞግዚቷ ዘፈን ግን ከዚያ ሁሉ ጋር አልገጥም አለ። ባርቶክ ደጋግማ እንድትዘፍንለት ለምኖ በወረቀት አሰፈረው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ከሆነው ከዞልታን ኮዳይ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ በ1906 ሃያ የሕዝብ ዘፈኖችን ከፒያኖ አጃቢ ጋር አሳተሙ። መጽሐፉ እንደ ትኩስ ዳቦ አልተሸጠም፤ የከተማው ሰው የገበሬ ዘፈን ምን ያደርግለታል?

ከዚህ በኋላ ባርቶክ ፎኖግራፉን ተሸክሞ ገጠር ለገጠር መዞር ጀመረ። ፎኖግራፍ ድምፅን በሰም በተሠራ ቱቦ ላይ የሚቀርጽ የኤዲሰን መሣሪያ ነው። አንዱ ቱቦ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ረጅም ዘፈን አይበቃውም። በሀንጋሪ ይህን መሣሪያ ለዘፈን ስብሰባ ያዋለው የመጀመሪያ ሰው ባርቶክ ሳይሆን ቤላ ቪካር ነው፤ እርሱም ከ1896 ጀምሮ ነው። ከመሣሪያው የባሰው ችግር ግን ሰው ነበር። አሮጊቶቹን እባካችሁ የጥንቱን ዘፈን ሲላቸው ያፍራሉ፤ አንዳንዶቹ መዝሙር ያቀርቡለታል፤ አንዳንዶቹ ከከተማ የመጣውን አዲስ ዘፈን የተሻለ መስሏቸው ያዜሙለታል። እርሱ የሚፈልገው ደግሞ እነርሱ ለእንግዳ አይገባም ብለው የሚደብቁትን ነው። በማኅበራችን ካሉት እናቶች አንዷን በልጅነትዎ በሠርግ ላይ የሚዘፈነውን እስቲ ልቅረጽዎ ብሎ ስልኩን የደቀነ ሰው ካለ፣ የባርቶክ ድካም ይገባዋል። እናታችን መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ረሳሁት ይላሉ፤ ስልኩ ኪስ ከገባ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ያንጎራጉሩታል።

በ1907 በትራንሲልቫኒያ ከሴኬይ ሀንጋሪዎች መንደር ትልቅ ነገር አገኘ። ሽማግሌዎቹ የሚዘፍኗቸው ዜማዎች በአምስት ድምፅ ብቻ የቆሙ ነበሩ። እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሀገራችን እንመለስ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን ሁሉ ባለ አምስት ድምፅ መሆናቸው ይታወቃል። ከዚህም በላይ የሙሉ ትዝታ አምስት ድምፆች ባርቶክ ካገኛቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ ማረፊያው ነው፤ በእነርሱ መደዳ ሁለተኛ የሆነው ድምፅ ለእኛ ትዝታ ቤቱ ነው። ታዲያ ሀንጋሪዎች ዘመዶቻችን ናቸው ማለት ነው? አይደለም። አምስት ድምፅ በቻይናም በስኮትላንድም አለ። እንግዲህ የድምፆቹን ዓይነት ማወቅ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ዜማው የት የት እንደሚያርፍ፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ መቆጠር አለበት። የባርቶክ ቆጠራ አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን በተቻለን መጠን ቀለል አድርገን እናስረዳ። አሥር ሺህ ዜማ ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ መክተት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ወንድማማቾቹን ዜማዎች ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ቃል ቢሆን በመጀመሪያው ፊደል በመዝገበ ቃላት ይደረደራል። ዜማ ግን አንዷ ዘፋኝ እንዲህ ትጀምረዋለች፣ ጎረቤቷ ደግሞ ሌላ አድርጋ ትጀምረዋለች። ባርቶክ የተነሣው ኢልማሪ ክሮን የተባለ የፊንላንድ ሊቅ ካወጣው ዘዴ ሲሆን፣ እርሱም አሻሻለው። የዘዴው መሠረት የዘፋኙ አጀማመር ቢለያይም ማረፊያው እንደዚያ በቀላሉ አይለወጥም የሚል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማዎቹን ሁሉ በአንድ መጨረሻ ድምፅ ላይ እንዲያልቁ አድርጎ ጻፋቸው፤ አንዷ ሴት በቀጭን ሌላዋ በወፍራም ድምፅ ስለምትዘፍን ካልተስተካከሉ አይነጻጸሩምና። የመጨረሻው ድምፅ 1 ይባላል፤ ከእርሱ በላይ ያሉት 2፣ 3፣ 4 እየተባሉ ይቆጠራሉ፤ ከበታቹ ያሉት በሮማውያን ቁጥር ይጻፋሉ። አብዛኛው ዘፈን አራት ስንኝ አለው። የአራተኛው ማረፊያ ምንጊዜም 1 ስለሆነ የቀሩት የሦስቱ ይመዘገባሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሁለተኛው ስንኝ ማረፊያ ነው፤ የዜማው ወገብ እርሱ ነውና። ከዚያ የመጀመሪያው፣ ከዚያ የሦስተኛው ይከተላል። በዚህ ላይ በየስንኙ ያሉት ቀለሞች ብዛትና ዜማው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ስፋት ይጨመራል። ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አድራሻ ማለት ነው። መጀመሪያ ከተማው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ የቤቱ ቁጥር። ሁለት ዜማዎች አንድ ጎዳና ላይ ከተገኙ ዝምድናቸውን መጠርጠር ይቻላል።

ምትን በሚመለከት ደግሞ ዘፈኖቹን በሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ በንግግር ፍጥነት እንደ እንጉርጉሮ የሚሄዱ፣ ዘፋኙ እንደ ስሜቱ የሚያስረዝማቸውና የሚያሳጥራቸው ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ ጭፈራ ምታቸው የጠበቀ ነው። ሦስተኞቹ ምታቸው የጠበቀ ሆኖ ሳለ፣ በምቱ ውስጥ የእያንዳንዱ ድምፅ እርዝማኔ በቃሉ ቀለም ርዝመትና እጥረት የሚወሰን ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ዜማ ግጥሙ ሲለወጥ የጊዜ አከፋፈሉም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ ምትን ለመቁጠር ቋንቋውንም ማወቅ ግድ ነው። ባርቶክ ስሎቫክኛና ሩማንኛ የተማረው ለዚህ ነበር፤ ኋላም ቱርክኛ አጥንቷል።

የጆሮው ጥንቃቄ ለእኛ የሚያስደንቀን ነው። ቀደም ብሎ የጻፋቸውን ዜማዎች ከዓመታት በኋላ እንደገና እያዳመጠ ያርማቸው ነበር። ቅጂውን ፍጥነቱን ቀንሶ እያጫወተ፣ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ጌጦች ሁሉ ለቅሞ ይጽፋቸዋል። ዘፋኙ ከታወቀው ድምፅ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በላዩ ትንሽ ቀስት ያደርግበታል። ገበሬው ተሳስቷል ብሎ የሚያቃና ሰብሳቢ በነበረበት ዘመን፣ እርሱ የሰማውን እንደሰማው አሰፈረ።

የቆጠራው ውጤት በ1924 ስለ ሀንጋሪ የሕዝብ ዘፈን ባሳተመው መጽሐፍ ወጣ። ዜማዎቹን ጥንታዊ፣ አዲስና ቅይጥ ብሎ በሦስት መደባቸው። ጥንታዊው በአምስት ድምፅ የቆመ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛው አጋማሽ የመጀመሪያውን አምስት እርከን ዝቅ አድርጎ የሚደግም ነው። አዲሱ ደግሞ መጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመለስ፣ መካከሉ ከፍ የሚል፣ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ ነው። ተመሳሳይ ነገር ሌላም ሰው በጆሮው ብቻ ሊገምት ይችል ነበር። የባርቶክ ብልጫ እነዚህ ጠባዮች አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን በብዛት ማሳየቱ ነው። አምስት ድምፅ ያለበት መውረድም አለበት፤ ነፃ ምትም አብሮት ይገኛል፤ ዘፋኞቹም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉት ናቸው። አንዱ ምልክት ብቻውን ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ብዙ ምልክት በብዙ መቶ ዜማ ላይ አብሮ ሲገኝ ግን አጋጣሚ ማለት ያስቸግራል። አራት ኪሎ ሳለን በሰሌዳ ላይ በቀመር የተማርነው ይኸንኑ ነበር፤ ባርቶክ ቀመሩን ሳይጽፍ በትዕግሥት ብቻ ደረሰበት።

በአንድ ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንስማማም። የከተማውን የጂፕሲ ሙዚቃ ከገበሬው ዘፈን አሳንሶ ይመለከት ነበር። የአዝማሪ አገር ልጆች ስለሆንን ይህ ትንሽ ይቆረቁረናል። ማሲንቆውን ይዞ በየጠጅ ቤቱ የሚዞረው ሰው የራሱም የሌላውም ዜማ ተሸካሚ ነውና።

አሁን ወደ ድንበሩ ጉዳይ እንምጣ። ባርቶክ የሰበሰበው የሀንጋሪዎችን ብቻ አልነበረም። የስሎቫኮችን ከ1906፣ የሩማኒያዎችን ከ1908 ጀምሮ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በ1913 አልጄሪያ ድረስ ሄዶ በቢስክራ አካባቢ የዐረቦችን ሙዚቃ ቀርጿል። በገዛ እጁ ከሰበሰባቸው ዜማዎች መካከል የሩማኒያዎቹ ቁጥር ከሀንጋሪዎቹ ይበልጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 በትሪያኖን ውል ሀንጋሪ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። ትራንሲልቫኒያም ለሩማኒያ ተሰጠች። በዚያው ዓመት ባርቶክ ስለ ሩማኒያውያን ገበሬዎች ሙዚቃ ያወጣው ጥናት በቡዳፔስት ጋዜጦች ላይ ቁጣ አስነሣ፤ ሀገሩን የካደ ተባለ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ በተራው ከሩማኒያ በኩል ዘመቻ ተከፈተበት፤ ለሀንጋሪ የሚያደላ፣ ድንበር ለማስመለስ የሚሠራ ተብሎ ተከሰሰ። ለዚህኛው በ1937 ረዘም ያለ መልስ አሳተመ። አንዱ ወገን ለሌላው ሸጠን ሲለው፣ ሌላው ደግሞ ለዚያኛው ሰለለብን አለው። እርሱ ያደረገው ዜማዎቹን መቁጠር ብቻ ነበር፤ ቆጠራው ለማንም አላዳላም፤ ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው። በየስደት ማኅበሩ የበዓል ዝግጅት ሲሰናዳ ይህ ዘፈን የእነ እገሌ ነው፣ የለም የእኛ ነው የሚል ክርክር ስብሰባ ሲበትን ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

በ1942 ባርቶክ በአሜሪካ ስለዚሁ ጉዳይ በሙዚቃ ስለ ዘር ንጽሕና አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ዘመኑ ሂትለር አውሮፓን የያዘበት ነው። የጽሑፉ ሐሳብ፣ አንድ ዜማ የቋንቋ ድንበር ሲሻገር በአዲሱ ቋንቋ አነጋገር መሠረት ይለወጣል፤ ተለውጦ ወደ ወጣበት ሲመለስም እንደገና ሌላ ይሆናል፤ የምሥራቅ አውሮፓ ዘፈን የበለጸገው በዚህ መመላለስ ነው የሚል ነው። ይህን ሲጽፍ በስሜት ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው የሠላሳ ዓመት መዝገብ ነበረው።

በ1934 ከአካዳሚው የማስተማር ሥራ ወጥቶ በሀንጋሪ ሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የዘፈኖቹን ታላቅ ስብስብ ለኅትመት ማዘጋጀት ጀመረ። የተደረደሩት ዜማዎች ከ13 ሺህ በላይ ነበሩ። በ1936 ወደ ቱርክ ተጋብዞ ከአህመት አድናን ሳይጉን ጋር በአዳና አካባቢ ዘላን አርብቶ አደሮችን እየተከተለ ዘፈን ቀረጸ። መጀመሪያ የዘፈኑላቸው የ70 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አዛውንቱ ሲጀምሩ ባርቶክ ጆሮውን ማመን አቃተው፤ ዜማው ከጥንታዊው የሀንጋሪ ዜማ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ አድራሻው ከአንድ አህጉር ወደ ሌላ ተሻገረ ማለት ነው። ሴቶቹ ግን ለባዕድ ወንድ መዝፈን ነውር ስለሆነባቸው የእነርሱን ማግኘት እጅግ አስቸግሮታል።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ በቪየና የነበረው የሙዚቃ ደራስያን መብት አስከባሪ ማኅበር ለአባላቱ ዘራቸውን የሚጠይቅ ቅጽ ላከ። ባርቶክ አልሞላም አለ። ሥራዎቹንም ወደ ሎንዶን አሳታሚ አዞረ፤ የእጅ ጽሑፎቹንም ከአገር ማውጣት ጀመረ። ራሱ ግን ቶሎ አልወጣም፤ እናቱ በሕይወት ነበሩ። ወይዘሮ ፓውላ በዲሴምበር 1939 ዐረፉ። ባርቶክና ሁለተኛ ሚስቱ ዲታ ኦክቶበር 8 ቀን 1940 በቡዳፔስት የስንብት ኮንሰርት አሳይተው፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኒውዮርክ ገቡ። ሻንጣዎቻቸው በመንገድ ቀርተው ለብዙ ጊዜ አልደረሱላቸውም።

አንድ ቀን ባልና ሚስት የኒውዮርክ የመሬት ውስጥ ባቡር ውስጥ ገብተው ሦስት ሰዓት ያህል ሲዞሩ ውለው፣ የወጡበትን ጉዳይ ሳይፈጽሙ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ታክሲ ቢጠሩ ኖሮ እንላለን። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። ቀጥሎም በዚያው ዩኒቨርሲቲ በኩል ጊዜያዊ ሥራ አገኘ። ሚልማን ፓሪ የሚባል የሃርቫርድ መምህር ከ1934 እስከ 1935 በዩጎዝላቪያ በአሉሚኒየም ሸክላ ላይ የቀረጻቸው ዘፈኖች ነበሩ፤ ባርቶክ ከእነርሱ 75 የሴቶች ዘፈኖችን በጽሑፍ ለማስፈር ተቀመጠ። በኒውዮርክ ጫጫታ መካከል፣ ሕመሙ እየጀመረው፣ በማያውቀው አገር የማያውቃቸውን የሰርብና የክሮአት ሴቶች ድምፅ በጥቃቅን ኖታ ሲለቅም እናስበው። ሥራው ጊዜያዊ ስለነበር በ1942 መጨረሻ አበቃ። ኮንሰርት የሚጠራውም አነሰ። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ መሪ የጨበጠ የአገራችን ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1943 መጀመሪያ ሃርቫርድ ላይ ተከታታይ ንግግር ጀምሮ ሳይጨርስ ታመመ። በሽታው የደም ካንሰር ነበር። የአሜሪካ ደራሲያን ማኅበር፣ ባርቶክ አባሉ ሳይሆን፣ የሕክምናውን ወጪ ቻለለት። ሁለት የሀገሩ ልጆች፣ ሲጌቲና ራይነር፣ ምጽዋት እንደማይቀበል ያውቁ ስለነበር፣ ለእርሱ ሳይነግሩት የቦስተኑን ኦርኬስትራ መሪ ኩሴቪትስኪን ሥራ እንዲያዝዘው አግባቡ። ኩሴቪትስኪ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ በ1,000 ዶላር አዲስ ሥራ አዘዘው። ባርቶክ በዚያ ዓመት ሳራናክ ሌክ በምትባል ቦታ ሲያገግም ኮንሰርቶ ለኦርኬስትራ የተባለውን ጻፈ፤ ዲሴምበር 1 ቀን 1944 በቦስተን ተጫወተ። ዛሬ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ የሚታወቀው ይኸው ነው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1945 በ64 ዓመቱ በኒውዮርክ ዐረፈ። ለሚስቱ ይጽፈው የነበረው ሦስተኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ ሊያልቅ የቀረው 17 ምት ያህል ብቻ ነበር፤ ያንን ጓደኛው ቲቦር ሸርሊ ሞላው። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዐፅሙ በኒውዮርክ አቅራቢያ በሃርትስዴል 43 ዓመት ያህል ካረፈ በኋላ በ1988 ወደ ቡዳፔስት ተመልሶ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተቀብሯል።

የቆጠራው መዝገብ ግን ከዐፅሙ የተለየ መንገድ ነበረው። የሰርብና የክሮአት ዘፈኖቹ በ1951 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ታተሙ። ቤንጃሚን ሱቾፍ የተባለ ምሁር በ1960ዎቹ የዚያን መጽሐፍ ዜማዎች ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ባርቶክ በእጁ የደረደረውን በመኪና ለመደርደር ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። የሩማኒያው ስብስብ፣ በሕይወት ሳለ አሳታሚ ያጣለትና በኮሎምቢያ ቤተ መጻሕፍት ያስቀመጠው፣ ከ1967 እስከ 1975 በአምስት ጥራዝ ወጣ። የሀንጋሪው ታላቅ ድርድር በእርሱ አሠራር መታተም የጀመረው በ1991 ነው። የቱርኩ መጽሐፍም የታተመው በ1976 ነው፤ ያ የ70 ዓመት አዛውንት ከዘፈኑለት ልክ አርባ ዓመት በኋላ።